ባዳ ጥርስ

መጋቢት 9 ቀን

ይድረስ ለመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ፤

ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ልጄ ማለቴን አትቀየሚኝ፤ ከፊርማሽ ሥር ዕድሜሽ አልተጻፈም፣ እኔ ግን ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነውና ሳላስፈቅድ ሁሉንም ልጄ እላለሁ። ሦስት ጊዜ ደውለሽ «ማነህ? ጮክ በል!» እያልኩ ስለዘጋሁብሽም ይቅርታ አድርጊልኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሞርድ ማሽኑ ጆሮዬን ይዞት ሄዷል። የሰፈሩ ሰው ጋሽ ሞረድ የሚለኝ በከንቱ አይደለም። በወረቀት በመምጣትሽ ደግ አደረግሽ። ወረቀት ቢያንስ «ምን አልክ?» አያሰኝም።

የጻፍሽልኝን ሁለት ሦስቴ አነበብኩት። የካቲት ላይ ጎርፍ ድልድዩን ሲወስደው አብሮ ከወረደው አውቶቡስ ሠላሳ አንድ አስከሬን ወጥቶ፣ ሃያ ዘጠኙ ዘመድ አግኝተው ሁለት ቀርተዋል ብለሻል። ከሁለቱ አንዱ ወንድ ነው፤ መታወቂያም ስልክም የለውም፤ የላይ ድዱ ግን ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። በሮዙ ፕላስቲክ ውስጥ የምቀብራትን ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣ ቁጥር ያለባት ብረት አግኝታችኋል። ቁጥሯን በኮምፒውተር ጥርስ ሠሪ ሁሉ ከሚሞላው የጋራ መዝገብ ስትፈልጊው የእኔን ሥራ ቤት አወጣልሽ፤ ባለቤቱ ደግሞ የድሮ ደንበኛዬ ሰዓት ጠጋኙ ሆኖ ተገኘ።

ሰዓት ጠጋኙ እኮ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። አልጋው ላይ ነው የሞተው፤ ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሚስቱ የናንተን ስልክ አንሥታ «ባሌ ሁለት ጊዜ ይሞታል እንዴ?» ብላ መሬት ላይ ዝርፍጥ ማለቷን ስትነግሪኝ አሳዘነችኝ።

ምን ልበልሽ? መዝገቡን የምሞላው በአንድ ጣት ነው። አራቱን ዘጠኝ፣ ዘጠኙን አራት ብዬ ይሆናል። የቁጥር ስሕተት ነው ብለሽ ብትዘጊው የሚከፋ ሰው ያለ አይመስለኝም።

በርቺልኝ። ሥራሽ ከባድ ነው።

ጥርስ ሠሪው

እንዲያው ለማወቅ ያህል ልጠይቅሽ፦ ሰውየው ምን ለብሶ ነበር?


መጋቢት 15 ቀን

ለጋሽ ሞረድ፤

እንዴት ሰነበቱ? ልጄ መባሉን ወድጄዋለሁ። እዚህ ቢሮ ሰው ሁሉ የሚጠራኝ «መዝገብ» ብሎ ነው። «መዝገብ፣ ቁልፉን አምጪ»፣ «መዝገብ፣ በሩን ዝጊው፣ ቅዝቃዜው ይወጣል»። የምንሠራበት ቤት ድሮ የዕቃ መጋዘን ነበርና መስኮት የለውም፤ የእርስዎ ደብዳቤ ሲመጣ ለማንበብ ደጅ ወጥቼ ነው የተቀመጥኩት።

የቁጥር ስሕተት ሊሆን ይችላል ላሉት፣ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አስቤ ነበር። ቁጥሩን ትቼ ጥርሱን ራሱን በስካነር አንሥቼ፣ እርስዎ ያኔ ሠርተው ሲጨርሱ መዝገቡ ላይ ከጫኑት ምስል ጋር አስተያየሁት። አሥራ አራቱም ጥርሶች ልክክ አሉ። የሰዓት ጠጋኙ ጥርስ ነው፣ ጥርጥር የለውም።

ያልገጠመው የውስጡ በኩል ነው፣ ድድ ላይ የሚያርፈው። ከእርስዎ ፕላስቲክ ሥር ፈዘዝ ያለ ሌላ ሮዝ ተጨምሮበታል። ሰዓት ጠጋኙ ከሞተ በኋላ አንድ ሰው ይህን ጥርስ ለሌላ ሰው አፍ አስተካክሎታል ማለት ነው። ሥራው ጥሩ ነው፤ የግራው ጠርዝ ብቻ በግዴለሽነት አጥሮ ተቆርጧል። ሚስቱም ከድንጋጤዋ ስትመለስ ጥርሱን አብራ እንዳልቀበረችው፣ ለባሏ ወዳጅ እንደሰጠችው ነግራኛለች። የወዳጁ ስም ምላሷ ላይ አለ፣ አልመጣልሽ ብሏታል።

ይህን የማስተካከል ሥራ በአካባቢያችሁ ማን ይሠራል? ቢጠቁሙኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ስለ ልብሱ ለጠየቁኝ፦ ቡናማ የቆዳ ጃኬት ነው። የቀኝ ክርኑ ተቀድዶ ነበር፤ በጣም በጥንቃቄ፣ ጠበቅ ጠበቅ ተደርጎ ተሰፍቷል። ሐኪማችን ዕድሜውን ከሃምሳ አምስት እስከ ስልሳ ይገምተዋል።

መዝገብ


መጋቢት 26 ቀን

ለልጄ ለመዝገብ፤

ዘገየሁብሽ፣ ይቅርታ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ጣሪያውም አፍስሶ የጄሶ ከረጢቶቼን አበላሽቶብኝ እነሱን ሳወጣና ሳገባ ቀኑ አለቀ። አንቺስ ከዚያ ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ደህና ነሽ? ወፍራም ካልሲ አድርጊ። ብርድ ከእግር ነው የሚገባው።

ማን ያስተካክላል ላልሽው፣ ስንቱን ልጥቀስልሽ? ሞረድና ትንሽ ፕላስቲክ ያለው ሁሉ ራሱን ጥርስ ሠሪ ይላል። ገበያ ላይ ቆመው የሚሠሩ አሉ። ፈልገሽ አታገኚውም። የተሰፋ ክርንም ያልሽው፣ አገሩ ሁሉ ልብስ ሰፊ ነው።

ግን አንድ ቃልሽ አልዋጥልህ አለኝ። «በግዴለሽነት» ያልሽው። ጠርዙ ያጠረው ሆነ ተብሎ ነው ልጄ። ከላይኛው ከንፈሩ ውስጥ በግራ በኩል ጠባሳ ያለበት ሰው፣ ጠርዙን ሙሉውን ብትተይለት በሳቀ ቁጥር ሥጋውን እየበላ ያደማዋል። ማንም ይሥራው ማን፣ ለዚያ አፍ አስቦለታል። ይህን እወቂልኝ።

የቀብሩ ቀን ተቆርጧል ወይ? ስንት ቀን ታቆያላችሁ?

ጥርስ ሠሪው


ሚያዝያ 2 ቀን

ለጋሽ ሞረድ፤

እንደምን አሉልኝ? ጉንፋኑ ለቀቀዎት? ካልሲውን አድርጌያለሁ።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። በቀጥታ ልጻፈው።

ስለ ጠባሳው እኔ አልጻፍኩልዎትም። የላክሁልዎትን ወረቀት ሁሉ ቅጂውን አውጥቼ አየሁት፤ የለም። ጠባሳው የተጻፈው በሐኪሙ ፋይል ውስጥ ነው፤ ፋይሉ ደግሞ የተቆለፈበት ነው። እንዳሉት በግራ በኩል ነው። እንዳሉት ከከንፈሩ ውስጥ ነው።

የሰዓት ጠጋኙ ሚስትም ትናንት ደወለችልኝ። ስሙ መጣላት። «ሳቂታው እንለው ነበር፣ ሾፌር ነው» አለችኝ። «ከባሌ ጋር ዳማ ይጫወታሉ። ተሸንፎም ይስቃል።» የት እንደሚኖር ግን አታውቅም፤ ሰፈር ከቀየረ ቆይቷል አለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ የምሠራው ግን እስኪጠራ መጠበቅ ከማይችሉ ሰዎች ጋር ነው። የሆነ ቦታ አንድ ሰው የእግር ኮቴ በሰማ ቁጥር ወደ በር እያየ ነው። በእኔና በእርስዎ ደብዳቤ መመላለስ መሃል ያ ሰው ስንት ጊዜ ወደ በሩ አየ?

አባቴ፣ ማን ነው?

ስለ ቀብሩ ቀን የጠየቁኝን በሚቀጥለው እመልስልዎታለሁ።

መዝገብ


ሚያዝያ 9 ቀን

ልጄ፤

ዛሬ ሰላምታ አላበዛም። በሰላምታ መሸሸግ ሰልችቶኛል።

ሳቂታው ወንድሜ ነው። የአባቴም የእናቴም ልጅ ነው፤ በዘጠኝ ዓመት እበልጠዋለሁ። ያወቅሁት የመጀመሪያ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን፣ መጋቢት ስምንት፣ ቁጥሯን እንዳየሁ ነው። ስሕተት ነው ያልኩሽ እያወቅሁ ነው። ምን ለብሶ ነበር ያልኩሽም ሌላ ሰው እንዲሆንልኝ ብዬ ነበር። ቡናማ ጃኬት፣ የተሰፋ ክርን ስትዪ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ስፌቱ የሚስቱ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ጠበቅ ጠበቅ አድርጋ መስፋት ልማዷ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። እናታችን የሞተች አምስት ዓመቷ ነው። እሱ የጭነት መኪና ይዞ ሩቅ ነበር። ሁለት ቀን ጠበቅነው፤ አልመጣም፤ ቀበርናት። በማግሥቱ አፉን በሻርፕ ሸፍኖ በሩ ላይ ቆመ። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። እኔ ደሜ ፈልቷል። «ለሬሳዋ ያልደረስክ ለእንባዋ ምን አመጣህ?» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አንድ ቃል አልመለሰም። ዞሮ ሄደ። ንቆኝ ነው አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልተያየንም።

ከዚያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከሥራዬ ቀና ስል የሥራ ቤቴ በር ላይ ቆሟል። በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«ጋሼ» አለኝ፣ ከንፈሩን እንዳነብለት ቀስ ብሎ፣ «አዲስ ሥራልኝ አልልህም። ይህን ብቻ አስተካክልልኝ። የሰዓት ጠጋኙ ነው፤ ሚስቱ ሰጠችኝ።»

«የሞተ ሰው ጥርስ?»

«ሰውየው ነው እንጂ የሞተው፣ ጥርሱ ምን አደረገ?» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ የላይ ድዱ ባዶ መሆኑን አየሁ።

አስቀመጥኩት። ልኬት ለመውሰድ ጣቴን አፉ ውስጥ ሳስገባ ጠባሳውን ነካሁት። እንደ ገመድ የጠነከረ ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» ስለው «መኪና ተገልብጦብኝ» አለኝ። «መቼ?» አልኩና የልኬቱን ሊጥ አፉ ውስጥ አስገባሁበት። ልኬቱ እስኪረጋ አራት ደቂቃ ይፈጃል፤ አፍ አይነቃነቅም፣ ቃል አይወጣም። አራት ደቂቃ ሙሉ ዓይን ለዓይን እየተያየን ተቀመጥን። ሳወጣለት አፉን ጠረገና «እማዬ የሞተች ሰሞን» አለኝ። «ልደርስ ስበር።»

ያኔ በሻርፕ የሸፈነው የፈረሰ አፉን ነበር። ያልመለሰልኝ መናገር ስላልቻለ ነበር።

ልጄ፣ ያን ጊዜ ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ጎንበስ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ስጨርስ በመስታወት አየና «ጋሼ፣ እኔም እንዳንተ ጥርሳም ሆንኩ እኮ» አለኝ። እኔ ምን አልኩት መሰለሽ? «ስትተኛ አውልቀህ ውኃ ውስጥ አኑረው።» ወንድሜን ያነጋገርኩት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

መዝገቡ ላይ ጥርሱ ወደ ሌላ ሰው ከዞረ የአዲሱ ባለቤት ስም የሚሞላበት ቦታ አለ። አንቺ ታውቂዋለሽ። ደንቡ አይከለክልም፤ ጻፍ ብቻ ነው የሚለው። አልጻፍኩም። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ረሳሁት እል ነበር። አልረሳሁትም። ስሙን ከጻፍኩ በለቀስተኛ ፊት ያልኩትንም ማንሣት ያለብኝ መሰለኝ። አራት ፊደል ነው። አራት ፊደል ስለነፈግሁት ወንድሜ እናንተ ቤት በሰዓት ጠጋኝ ስም ተኛ።

ሰው «ጥርስ ባዳ ነው» ሲል ለወግ ይመስለኝ ነበር። ሆዱ እያረረ ለሰው የሚስቅ ልጅ ነበር። ጥርሱ እውነትም የባዳ ነበር፤ እኔ ግን ከጥርሱ ብሼ ባዳ ሆንኩበት።

ከዚህ የባሰውንም ልጨምርልሽ። ሚስቱ በየሳምንቱ ትመጣለች። በጓደኛው መኪና ሄጄ በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ ብሏት ነው የወጣው። ጓደኛው ደግሞ «ጠብቄው ቀረ፣ ትቼው ሄድኩ» አላት። አርፍዶ አውቶቡስ መሳፈሩን ማንም አላወቀም። ፖሊስም «ትልቅ ሰው ነው፣ ይመጣል» ብሎ መለሳት። ሰፈሩ በሌላ ሴት አማው፤ እሷም አመነች። «ጋሼ፣ ምንም አልሰሙም?» ትለኛለች። እኔም እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ «ምን አልሽ?» እላታለሁ። ሁለት ጊዜ ትደግመውና ደክሟት ትሄዳለች። ከንፈሯን አንብቤዋለሁ እኮ። ሁልጊዜም አነበዋለሁ።

አሁን የምታደርጊኝን አድርጊኝ።

ወንድሙ


ሚያዝያ 15 ቀን

ለጋሽ ሞረድ፤

ተቆጥቼብዎታለሁ። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ውሸታም እሆናለሁ። ደብዳቤዎን ደጅ ተቀምጬ ስጨርስ ተነሥቼ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት።

ከዞርኩ በኋላ ግን እኔም የደበቅሁት ነገር እንዳለ ትዝ አለኝ። የቀብሩን ቀን ጠይቀውኝ ነበር። «በሚቀጥለው እመልሳለሁ» ስልዎት ቀብሩ ካለፈ አራት ቀን ሆኖት ነበር። መጋቢት ሃያ ስምንት ነው የቀበርነው። ማቀዝቀዣው ሁለት ጊዜ ተበላሽቶ አለቃዬ ከዚህ በላይ አይቆይም አሉ። ጠባሳውን የጻፉበት ደብዳቤ እጄ የገባው በማግሥቱ ነው። አንድ ቀን ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ አስቁሜው ነበር። ይህን ብነግርዎት ጨርሰው ዝም ይሉኛል ብዬ ፈራሁና ሸሸግሁት። እርስዎን ለማናገር ብዬ ነው ያደረግሁት፤ ቢሆንም መሸሸግ መሸሸግ ነው።

እንዲያውቁት እንዴት እንደነበረ ልንገርዎት። ሐኪሙ፣ የመኪናው ሾፌር፣ ሁለት ቆፋሪዎችና እኔ ነበርን። ከከተማው ወጣ ብሎ ዛፍ ያለበት ዳገት ላይ ነው። ዝናብ አልነበረም። ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። የሚያለቅስ ሰው ሲጠፋ ቆፋሪው ዘወር ብሎ እኔን አየኝና «ዘመዱ ነሽ?» አለኝ። «አይ፣ መዝገብ ነኝ» አልኩት። እቤቴ ስደርስ ነው ያለቀስኩት። ምልክቱን በሽቦ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ቦታውን አልስተውም።

አሁን ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። መጀመሪያ፣ ያን ቀን የወሰዱትን ልኬት በጄሶ ሞልተው ያስቀሩት ሞዴል ካለዎት በስካነር አንሥተው ይላኩልኝ። ቃልዎ ብቻ ለምስክር ወረቀት አይበቃም፤ የድዱ ቅርጽ ግን ይበቃል። ሁለተኛው፣ ለሚስቱ ይንገሯት። ቢሮው ቢጽፍላት ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ ነው የሚደርሳት። ከእርስዎ ትስማው። ዛሬ ነገ አይበሉ።

መዝገብ


ሚያዝያ 24 ቀን

ልጄ፤

ሞዴሉን ልኬዋለሁ። መደርደሪያዬ ላይ ሦስት ዓመት ስም ሳይኖረው ተቀምጦ ነበር። በአቧራው ላይ እንኳ ጨርቅ አሳርፌበት አላውቅም። ጠርጌ አነሣሁት።

ነገርኳት። ሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው የሄድኩት። ልጅቷ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለቻቸው፣ ጎረቤት ነበረች። እናቷ ስፌት ማሽኑ ላይ ናት። ስታየኝ ደነገጠች፤ እሷ ትመጣለች እንጂ እኔ ሄጄ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ምን እግር ጣለዎት? ተገኘ?»

«ተቀመጪ» አልኳት፣ ተቀምጣ እያለች።

ነገርኳት። ድልድዩን፣ አውቶቡሱን፣ ጥርሱን። አላለቀሰችም። የምትሰፋውን ጨርቅ ከመርፌው ሥር ሳበችው፣ ክሩን በመቀስ ቆረጠች፣ ጨርቁን አጠፈች። አጥፋም እንደገና ፈታችው።

«መቼ ነው?»

«የካቲት አሥራ ስምንት።»

«የወጣ ቀን ነው እኮ» አለች። «የወጣ ቀን ነው። ጭራሽ አልሄደም ማለት ነው።»

ከዚያ ቀና አለችና ፊቴን አየችኝ። «አንተስ መቼ ነው ያወቅኸው?»

ዐሥራ ሦስት ዓመት እርስዎ ብላኝ የኖረች ሴት ናት። አንተ አለችኝ።

«መጋቢት ስምንት» አልኳት።

በጣቷ ቆጠረች። ቆጥራ ስትጨርስ ቆመች። «አርባ አንድ ቀን። ሙት ስረግም አርባ አንድ ቀን ዝም ብለህ አየኸኝ። ደጅህ መጥቼ 'ባለበት አይቅናው' ብያለሁ፤ ፊትህ ላይ ነው ያልኩት! ለልጄ 'አባትሽ ሌላ ቤት አለው' ብያታለሁ። ፎቶውን ከግድግዳው አውርዳዋለች። አሁን የቱን እርግማን በየት በኩል ልመልሰው?»



«ውጣልኝ» አለች። ወጣሁ። በሩ ላይ ልጅቷን አገኘኋት፤ ስትሮጥ መጥታ «ጋሼ!» ብላ ተጠመጠመችብኝ። ምንም አታውቅም። አቀፍኳትና ሄድኩ።

በሁለተኛው ቀን ጎረቤቷ መጥታ «መቃብሩ የት እንደሆነ ጻፍልኝ ብላለች» አለችኝ። አብሬያት ልምጣ ወይስ ልቅር? እስቲ ምከሪኝ።

ለሙያ ማኅበራችንም መዝገብ መደበቄን ጽፌ ፈርሜ ሰጥቻለሁ። ፈቃዴን ሳይነጥቁኝ ሥራ ቤቱን ራሴ ዘግቼዋለሁ።

ወንድሙ


ግንቦት 2 ቀን

ለጋሽ ሞረድ፤

ሞዴሉ ደርሶኛል። ገጥሟል፤ ጠባሳው ያለበት ቦታ ሳይቀር ገጥሟል። ሐኪሙ ፈርሟል፣ አለቃዬ ማኅተም አድርገውበታል። ከዛሬ ጀምሮ በጋራው መዝገብ ላይ ያ ጥርስ የወንድምዎ ነው። ስሙን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ አራቱንም ፊደል።

ይምጡ ወይስ ይቅሩ ላሉኝ፣ እኔ ማን ሆኜ ልምከርዎት? ግን ቦታው ድረስ መኪና አይገባም። ዳገቱን በእግር ነው የሚወጣው። ሴትየዋ የልጇን እጅ ይዛ ብቻዋን ስትወጣ ማየት አልፈልግም። ከኋላም ቢሆን ይከተሏት።

ጃኬቱን አሳጥቤዋለሁ። ኪሱ ውስጥ የተገኘው የቤት ቁልፍና ማበጠሪያ ብቻ ነው። ለእሷ ነው የምሰጠው፤ ለእርስዎ አይደለም። እንዳይከፋዎት።

ሲመጡ ያሳውቁኝ፤ በሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ።

ልጅዎ መዝገብ


ግንቦት 13 ቀን

ልጄ፤

የተለያየነው ገና አሁን ቢሆንም ይህን የምጽፍልሽ ከመናኸሪያው ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ስታሰናብችን «የሆነውን ይጻፉልኝ» ብለሽኛል። መኪናዬ እስኪመጣ ጊዜ አለኝ።

አንቺ ዳገቱን ከወረድሽ በኋላ ሚስቱ ጃኬቱን ጭኗ ላይ አድርጋ መቃብሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ አሥር እርምጃ ያህል ርቄ ቆምኩ። ከቤት እስከዚያ አንድ ቃል አላናገረችኝም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ላነበው እችል ነበር። አላነበብኩም። ለእሱ የተባለ ነው ብዬ ወደ ዛፎቹ ዞርኩ።

ብዙ ቆየች። ልጅቷ ሰለቻት መሰለኝ ወደ እኔ መጣች። አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ አብጧል። ፊቴ ቆመችና «ጋሼ፣ አባቴ ትንሽ ልጅ እያለ ምን ዓይነት ነበር?» አለችኝ።

እናቷን አየኋት። ልጅቷን ጠርታ የምትወስድብኝ መስሎኝ ነበር። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፣ በጉዞው ሁሉ የመጀመሪያዋ ነው፣ «ንገራት» አለችኝ። «እኔ ያን ጊዜ አላውቀውም።»

ነገርኳት። ሲወለድ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በጀርባዬ ያዘልኩት እኔ ነኝ። መሄድ ሳይችል መሳቅ የቻለ ልጅ ነበር። ድመቷን ሊስማት ሲል አፍንጫውን ቧጥጣው፣ እየደማ ይስቅ ነበር። በስድስት ዓመቱ የፊት ጥርሱ ወለቀችና «መልሱልኝ» ብሎ ቤቱን በልቅሶ አናወጠው። እማዬ ብታባብለው፣ አባዬ ቢቆጣው አልሆነም። ሻማ አቅልጬ ትንሽ ጥርስ ሠራሁና ገጠምኩለት። የመጀመሪያ ሥራዬ እሷ ናት። ቀኑን ሙሉ በሰፈሩ እየዞረ ላገኘው ሁሉ «ወንድሜ ሠራልኝ!» እያለ ሲስቅ ዋለ። ማታ ትኩስ ሻይ ሲጠጣ ሟሙታ ዋጣት።

ልጅቷ ሳቀች። ሳቋን ሰምታ ደንግጣ በእጇ አፏን ያዘች፣ እናቷን አየች። እናቷ ጃኬቱን ወደ ደረቷ ሰብሰብ አድርጋ ትሰማ ነበር።

ዳገቱን ስንወርድም ነገርኳት። መናኸሪያው ወንበር ላይም ነገርኳት። ከዚያ የአምስት ሰዓቱ አውቶቡስ መጣ። እናቷ ተነሥታ «አብረን አንሄድም» አለችኝ። «የሚቀጥለውን ያዝ።» እሺ አልኳት። ቲኬታቸውን አሳየች፣ ልጅቷን ከፊት አስገባች።

ልጅቷ ደረጃው ላይ ዞረችና «ከዚያስ?» አለችኝ።

ሾፌሩ በሩን ዘጋው። የእኔ መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ገና ሰባት ዓመቱ ላይ ነበርኩ።

ወንድሙ